የዞረው ቧንቧ

ወሬውን ያመጣችልኝ ከእኛ በታች ያለችው ጎረቤቴ ናት። በጥር መጨረሻ፣ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት የተዘጋ ሰሞን፣ አንድ ዓርብ ጠዋት በራችንን አንኳኳች። ግቢ ስላት አልገባችም። እጆቿ እስከ ክርኗ ጭቃ ነበሩ።

«ጓሮዬ ውስጥ እንቁራሪት አለ» አለችኝ።

በከተማችን በሚዛን እንቁራሪት ወሬ አይሆንም። ዝናቡ አንዴ ከያዘን የማይለቅ አገር ነው፤ ዓመቱን አብዛኛውን መሬቱ እንደረጠበ ይከርማል። ጥር ላይ ግን ቀዩ አፈር ይደርቃል፤ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ተነስቶ የቡናውን ቅጠል ያለብሰዋል። በጥር እንቁራሪት አይጮህም።

«ከመቼ ወዲህ ነው?» አልኳት።

«ሳምንት ሆነው። ጎደሬው ሥር ውሃ ቆሟል። ከላይ ነው የሚመጣው። ከእናንተ።»

ጎረቤቴ የቤንች ሰው ናት፤ ጎደሬና ዝንጅብል እያመረተች ገበያ ትሸጣለች። በአማርኛ ስታናግረኝ ቃል አታባክንም፤ በራሷ ቋንቋ ከእህቶቿ ጋር ስታወራ ግን ሳቋ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ያን ቀን ለጠብ አልመጣችም። አብሬያት ወርጄ አየሁት። ውሃው ጫማዬ ውስጥ እስኪገባ ድረስ መሬቱ ሰመጠብኝ።

ተመልሼ በቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዘጋሁ፤ የኩሽናውን፣ የመታጠቢያውን፣ የጓሮውን። ውሃ ወደኛ ሰፈር የሚመጣው በፈረቃ፣ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ስለሆነ ቀኑ ተመችቶኛል። ከዚያ በሩ አጠገብ ካለው ቆጣሪ ፊት ቁጭ አልኩ። ትንሿ ቀይ መንኮራኩር ትሽከረከራለች። ቤት ውስጥ አንድም የተከፈተ ነገር የለም፤ እሷ ግን ትሽከረከራለች። አራተኛ ክፍል የማስተምር ሰው ነኝ፤ ይህን ለመረዳት ከዚያ በላይ ትምህርት አያስፈልግም። ውሃው በበሩ ይገባል፣ ቤት አይደርስም፣ መሃል ላይ ይጠፋል። ለወራት ኩሽና ውስጥ ክር ያህል እየቀጠነ ሲወርድ ከተማው ውሃ አጠረው ብዬ ስወቅስ የከረምኩት በከንቱ ነው።

ባለቤቴ በረንዳው ላይ ወንበሩ ላይ ነበር።

«ቧንቧው ያፈሳል» አልኩት።

ግንባሩን ቋጠረ። ቃሉ እስኪወጣ ጠበቅኩት።

«የእኔ... ቧንቧ... አያፈስም» አለ።

«የእኔ ቧንቧ» ማለቱ ያለ ነገር አይደለም። ባለቤቴ የሥራ ዘመኑን የጨረሰው በአንድ የቡና እርሻ ውስጥ በጥገና ሠራተኝነት ነው። ቀይ ቡናው የሚፈለፈልበትና የሚታጠብበት ጣቢያ፣ ውሃው ከወንዝ ተነስቶ እስከ ገንዳው የሚሄድበት መንገድ ሁሉ በእጁ ያለፈ ነው። ይህን ቤት ስንሠራ ደግሞ ከበሩ እስከ ኩሽናው ያለውን ቧንቧ ብቻውን ቆፍሮ፣ ብቻውን ቀብሮ ጨርሶታል። እኔ በዚያን ጊዜ የመምህራን የክረምት ትምህርት ላይ ጅማ ነበርኩ። ስመለስ መሬቱ ተደፍኗል፣ ዝናቡ ላዩን አስተካክሎታል፣ ኩሽና ውስጥ ውሃ አለ። ከፍቶ አሳየኝና ወደ ጎን ቆመ።

«በየት በኩል ነው ያሳለፍከው?» ብዬው ነበር።

«ከመሬት በታች» ብሎኝ ሳቀ። በዚያው ቀረ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሁለተኛ አልጠየቅኩትም።

ካቻምና ስትሮክ ቀኝ ጎኑን መታው። እግሩ በከዘራ መሄድ ጀምሯል፤ ቀኝ እጁ ግን ጭኑ ላይ እንደ ተውሶ ዕቃ ይቀመጣል። ምላሱም ተያዘ። የሚናገረውን ያውቃል፤ ቃሉ ነው ከጉሮሮው ጋር የሚታገለው። ሰው ደግሞ አይታገስም። ሊጠይቁት የሚመጡት ሁሉ ቃሉን ከአፉ እየቀሙ ይጨርሱለታል። እሱ ስለ ቡናው አበባ ሊያወራ ሲጀምር «ውሃ አምጡለት፣ ውሃ ጠማው» ይላሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት እኔም አደርገው ነበር። አንድ ቀን እጄን በግራ እጁ ይዞ ጭንቅላቱን ነቀነቀብኝ። ከዚያ ወዲህ የእሱን ዓረፍተ ነገር ጨርሼ አላውቅም። እንጀራው ቢቀዘቅዝም፣ ሰው ቢቆምም፣ እጠብቃለሁ።

የቆጣሪውን መዝጊያ ዘጋሁት። ውሃ ከጎረቤቴ እየቀዳሁ ቅዳሜ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ አስጠራሁ። ሥራውን የሚያውቅ፣ ሰው የሚያከብር ጎልማሳ ነው፤ ታናሽ እህቱን አስተምሬያታለሁ። ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየ። ከቆጣሪው ጀምሮ ቧንቧውን እየተከተሉ መቆፈር እንዳይቻል፣ በሩ ሥር ለጭቃው ብለን ያስነጠፍነው ሲሚንቶ አለ። ሲሚንቶውን በጫማው መታ መታ አደረገው።

«ቲቸር፣ ይሄ የድሮ ብረት ነው፤ ዝገት ጨርሶታል» አለኝ። «ፍለጋው ትርፉ ድካም ነው። እሱን እዚያው ትተነው አዲስ ፕላስቲክ በቀጥታ እንዘርጋ። ከበሩ እስከ ኩሽናው፣ እዚህ በቡናው መሃል።»

«ቡናውስ?»

«ይነሳል።»

ቡናውን ባለቤቴ ችግኙን ከእርሻው እያመጣ የተከለው ነው። ከበረንዳው ላይ ከዘራውን መሬት ላይ መታ። ሁለታችንም ዞርን።

«ቀጥ... አይደለም» አለ። «ዞሮ... ዞሮ...»

«እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ይረፉ» አለው ሠራተኛው በትሕትና። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሶ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «ሰኞ ሰው ይዤ እመጣለሁ።»

«ባለቤቴ እየተናገረ ነው» አልኩት።

«አዎ ቲቸር፣ ገብቶኛል።»

«ምን አለ?»

ጫማውን አየ።

«ሰኞ አትምጣ» አልኩት።

አልተቆጣም። «ሲያስፈልግዎ ይደውሉልኝ» ብሎ ወጣ። በሩን ዘግቼ እንደቆምኩ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ዕቅድ ኖሮኝ አይደለም ያባረርኩት። ደሜ ፈልቶ ነው።

እሁድ ደግሞ የባለቤቴ ታላቅ እህት ከቴፒ መጡ። በስልክ ስናወራ ውሃ መዝጋታችን ከአፌ አምልጦኝ ነበር፤ እሳቸውም በማግስቱ አናናስና እርድ በማዳበሪያ ከረጢት ይዘው ሚኒባስ ላይ ወጡ። እናታቸው ከሞቱ በኋላ ባለቤቴን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እኔ እትዬ ነው የምላቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን ካልተናገርኩ ታሪኩ ይጣመማል። የሚወዱትን ሰው አዝለው ካልሄዱ የወደዱት አይመስላቸውም።

ምሳ ላይ ተቀምጠን ነገሩን ጀመሩት።

«ልወስደው ነው የመጣሁት» አሉ። «አንቺም ዝውውር ጠይቂና ተከተይን። ቴፒ ሰፊ ቤት አለኝ። ይሄን አከራዩት።»

«ምነው እትዬ?»

«ምነው? ውሃ የላችሁም። ልጆቻችሁ ሩቅ ናቸው። ወንድ የሌለበት ቤት እንዲህ ነው ከሥሩ የሚበሰብሰው።»

«ወንዱ እዚህ ተቀምጧል» አልኩ።

ባለቤቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። «አል... ሄድም» አለ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት፤ ግን አለ።

እትዬ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ እሱ የማይሰማ ይመስል፣ «እሱማ አሁን ምን ያውቃል» አሉኝ።

ጆሮው እንደ ድሮው ነው። ቃል በቃል ሰማው። ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ። እኔ ያን ፊቱን ሳይ ውስጤ የነበረው ነገር ሁሉ ደነደነ። ስለ ቧንቧ ማሰብ አቆምኩ። ይህ ሰው የሚያውቀውን እንደሚያውቅ ሳላሳይ ከዚህ ግቢ እንደማልወጣ ብቻ አሰብኩ።

«እትዬ፣ የተበላሸው ቧንቧው ነው፤ እኛ አይደለንም» አልኳቸው። «እስከ ዓርብ ይቆዩ። ዓርብ የውሃ ቀን ነው። ዓርብ ከኩሽናው ቧንቧ ቀድተው ካልጠጡ፣ ልብሱን እኔ ራሴ አጣጥፌ እሰጥዎታለሁ።»

ከአፌ እንደወጣ ጸጸተኝ። ግን ከአፍ የወጣ አይመለስም። እትዬ ትከሻቸውን ነቅንቀው «እስከ ዓርብ» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ዶማና አካፋ አወጣሁ። ሃምሳን ያለፈች፣ ጠመኔ እንጂ ዶማ ያልለመደች ሴት ነኝ። ባለቤቴ እስከ በሩ ውሰጂኝ አለኝ። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ በከዘራው እየተደገፈ እርምጃ መቁጠር ጀመረ። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ለመናገር ሞከረ፤ አራት ላይ ቃሉ ተያዘበት፣ ከዚያ በኋላ በከዘራው መሬቱን እየመታ ቆጠረ። አሥራ ሁለት መታ። ቆመ።

«እዚህ» አለ። «እዚህ... ይዞራል።»

ቆፈርኩ። የሚዛን አፈር ላዩ በጥር እንደ ሸክላ ነው፣ ዶማውን ይመልሰዋል፤ ውስጡ ደግሞ አካፋው ላይ ተጣብቆ አልራገፍም ይላል። በየሦስት አካፋው በእግሬ እየጠረግኩ እስከ ጉልበቴ ወረድኩ። ምንም የለም። ወደ ግራ አንድ እርምጃ ሄጄ ሌላ ጉድጓድ ጀመርኩ። ማክሰኞ ወደ ቀኝ ሦስተኛ ጨመርኩ። ማክሰኞ ውሃ ነበር፤ መዝጊያውን ከፍቼ ጉድጓዶቹን ባያቸው ሦስቱም እንደደረቁ ናቸው። መዳፌ ውሃ ቋጥሮ ፈነዳ፤ በነጠላ ጫፍ ጠቀለልኩት። አጥራችን ዝቅ ያለ ስለሆነ አላፊ አግዳሚው ያየኛል። አብራኝ የምታስተምር አንዲት መምህርት ቆማ «ቲቸር፣ ሰው አጥተሽ ነው?» አለችኝ።

«ሰው አለኝ» አልኳት። ወንበሩን አምጥቼለት ጉድጓዱ አፍ ላይ የተቀመጠውን ባለቤቴን በአገጬ አሳየኋት። ሰላም ብላው ሄደች።

እትዬ በረንዳው ላይ ተቀምጠው እርድ ይለቅማሉ። የእሳቸው ዝምታ ከዶማው ይበልጥ ከበደኝ።

ረቡዕ አራተኛው ጉድጓድ ባዶ ሲሆን ባለቤቴ ከዘራውን ወረወረው። እስከ ቡናዎቹ ድረስ ሄዶ ወደቀ። ከዚያ ከወራት ወዲህ ከእሱ ያልሰማሁትን ንጹሕ ቃል ተናገረ።

«ረሳሁት» አለ።

ምንም አልተደናቀፈበትም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ በዚያች ሰዓት ለእትዬ እጄን ሰጥቼ ነበር። ስለ ቴፒ ሙቀት አሰብኩ፤ የትኛውን ዕቃ ይዘን የትኛውን እንደምንተው አሰብኩ። በእሱም ተናደድኩ። በሽተኛ ሰው ላይ መናደድ ነውር ነው ይባላል፤ እኔ ግን የተናደድኩት በበሽተኛው አልነበረም። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ኩሽናዬ ውስጥ ቆሞ በሳቀው ጤነኛ ሰው ነው።

«ያኔ ስጠይቅህ ምን ነበር ያልከኝ?» አልኩት። «በየት አለፈ ስልህ ከመሬት በታች አልከኝ። ይኸው ከመሬት በታች ገብቻለሁ። የለም።»

አየኝ። በጭቃ የተለወሰ ቀሚሴን፣ የተጠቀለለ እጄን፣ ከዚያ አራቱን ጉድጓዶች አየ። የፊቱ ግራ ጎን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሊያለቅስ ነው ብዬ ልነሳ ስል እየሳቀ ነው። በግማሽ ፊቱ ይስቃል፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል። እኔም ያዘኝ። እትዬ ከበረንዳው ብድግ ብለው ሁለት ያበዱ ሰዎች እንደሚታዩ አዩን። ተነስቼ ከዘራውን አምጥቼ ሰጠሁት። በማግስቱ እንደምቆፍር ሁለታችንም አውቀነዋል።

ሐሙስ ጠዋት ጎረቤቴ የራሷን ዶማ ትከሻዋ ላይ ይዛ መጣች። ጎደሬዋ ሥሩ መበስበስ ጀምሯል፤ ከዚህ በላይ ልትጠብቅ አልቻለችም። ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ አየች።

«ምን ይዛችሁ ነው የምትቆፍሩት?»

«ከበሩ አሥራ ሁለት እርምጃ» አልኳት። «እዚያ ላይ ቧንቧው ይዞራል።»

ዞራ በሩን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«የትኛው በር?» አለች።

«ስንት በር አለን?»

«ይሄ በር እዚህ አልነበረም። መንገድ ሲያሰፉ ነው የገባው። የድሮው እዚያ ነበር» ብላ ከአጥሩ ውጭ፣ ከኮብልስቶኑ ጠርዝ አጠገብ ያለውን ቦይ አሳየችኝ። «ባልሽ የድሮውን ምሰሶ ሲነቅል እኔ ነኝ ያገዝኩት።»

እኔና ባለቤቴ ተያየን። መንገዱ ሲሰፋ አጥራችን ወደ ውስጥ ከገባ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ቆጣሪውም አብሮ ገብቷል። በየቀኑ የምንወጣበት የምንገባበት በር ስለሆነ ከዘላለም ጀምሮ እዚያ የነበረ መስሎናል። ባለቤቴ አልረሳም። አሥራ ሁለቱ አሥራ ሁለት ነው። ቆጠራው የተጀመረበት ቦታ ነው የጠፋው።

ቦዩ ዳር ሄጄ ቆምኩና ወደ አሁኑ በር ተራመድኩ፤ አራት እርምጃ። ስለዚህ ከአሁኑ በር ስምንት ነው። ስምንት ስቆጥር ከሲሚንቶው ጠርዝ ጥቂት አለፍ ብዬ፣ ከመጀመሪያው ጉድጓድ አራት እርምጃ ወደ በሩ ቀርቤ ቆምኩ። እኔና ጎረቤቴ እየተቀያየርን ቆፈርን። ወደ ማታ ላይ ዶማዋ ጠንካራ ነገር መትቶ ነጠረ። አፈሩን ስንጠርገው ግዙፍ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ጫፉን ብናይ ወገቡን ማግኘት አልቻልንም።

ባለቤቴ ከወንበሩ ላይ ጎንበስ ብሎ አየው። «ድንጋዩ» አለ። የድሮ ወዳጁን እንዳገኘ ሰው ነው ያለው። «ዞሮ... አልኳችሁ።»

ብረቱን ቀጥ አድርጎ እንዳያሳልፍ ይህ ድንጋይ ከልክሎታል፤ ስለዚህ አዙሮታል። በየትኛው ጎን እንዳዞረው ግን እርግጠኛ አልነበረም። ድንጋዩ ትልቅ ነው፤ በተሳሳተው ጎን ከጀመርን ዓርብ ያልፍብናል።

ዓርብ ማለዳ፣ ውሃው በሚለቀቅበት ሰዓት፣ ባለቤቴ ቀስቅሶኝ ወደ ዕቃ ቤቱ ጠቆመኝ። ከቤቱ ግንባታ የተረፈ የፌሮ ቁራጭ አለ፤ እሱን ነው የፈለገው። ካመጣሁለት በኋላ ጣቱን ጆሮው ላይ አደረገ። መጀመሪያ አልገባኝም። እሱ ግን ደጋግሞ ወደ መሬት፣ ከዚያ ወደ ጆሮው እየጠቆመ አስረዳኝ። እርሻው ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ የሚያገኘው እንዲህ ነበር፤ ብረቱን መሬት ውስጥ ተክሎ፣ ጫፉ ላይ ጆሮውን አድርጎ።

መዝጊያውን ከፈትኩ። መንገዱ ላይ ገና መኪና አልነበረም። ጎረቤቴ ፌሮውን በድንጋዩ ግራ በኩል በመዶሻ ተከለችው። ችግሩ ባለቤቴ ብቻውን መንበርከክ አይችልም፤ እኔ ብቻዬን ደግሞ ላወርደው አልችልም። እትዬ በረንዳው ላይ ቆመው ያዩናል። አልጠራኋቸውም። እሳቸው ራሳቸው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መጡ፣ ከረጢት አነጠፉ፣ በብብቱ ሥር ገብተው አወረዱት። ልጅ ሆኖ ያወረዱት ያወጡት ሰው ነው፤ እጃቸው ከእኔ እጅ ይሻላል።

«ይበርድሃል፣ መሬቱ እርጥብ ነው፣ እኔ...» ማለት ጀመሩ።

«ዝም» አላቸው።

እትዬን ዝም ያሰኘ ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ዝም አሉ። ባለቤቴ ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ብረቱ ላይ አደረገ። ቆየ። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ነቅለን በቀኝ በኩል ተከልነው። እንደገና ወረደ፣ እንደገና ዓይኑን ጨፈነ። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን በዙሪያው ቆመናል። አንድ ሽማግሌ ሰው መሬት ላይ ተንበርክኮ ብረት ሲያዳምጥ ያየ መንገደኛ ምን ይል እንደነበር አላውቅም፤ ግድም አልነበረኝም።

ግራ እጁን አንስቶ መሬቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

እኔም ጆሮዬን ሰጠሁ። ከሩቅ እንደሚፈላ ድስት ያለ፣ የማያቋርጥ፣ ስስ ድምፅ አለ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አፈሩ ጭቃ ሆነ፣ ጭቃው ውሃ ሆነ። ጎረቤቴ እጇን እስከ ትከሻዋ አስገብታ «ይኸው» አለች። መዝጊያውን ዘግቼ ውሃውን በጣሳ ቀድተን ስናወጣ ቧንቧው ታየን። ድንጋዩን አቅፎ የሚታጠፍበት ጎሚቶ፣ ክርን የሚመስለው መጋጠሚያ፣ በዝገት በስቷል፤ የቡና ሥር እንደ ጸጉር ተጠምጥሞበት ይጠጣል። ባለቤቴ ከወንበሩ ጎንበስ ብሎ አየው። የእሱ ቧንቧ ያፈስ ነበር። ይህንንም ማየት ነበረበት።

ገበያ ሄጄ አዲስ ጎሚቶ ጠየቅኩ። ባለ ሱቁ ከመደርደሪያው እያወረደ «ማን ነው የሚገጥመው?» አለኝ።

«እኛ» አልኩት።

እኛው ገጥመነው በዚያው ቢያልቅ ደስ ባለኝ። አሮጌውን ለመፍታት የባለቤቴን የቧንቧ መፍቻ ይዤ ገባሁ፤ እሱም በግራ እጁ አያያዙን አስተካከለልኝ። አልነቃነቅ አለኝ። ጎረቤቴ ጨመረች። እትዬ ጫማቸውን አውልቀው ጭቃው ውስጥ ወረዱ። ሦስት ሴቶች ተንጠልጥለንበት አሮጌው ጎሚቶ አንዴ ጮኸና ተሰበረ፤ መጋጠሚያው የሚጠመዘዝበት የብረቱ ጥርስም አብሮ እንደ ብስኩት ፈራረሰ። አዲሱ የሚይዘው ጥርስ የለም። ቧንቧውን ቆርጦ አዲስ ጥርስ ማውጣት የሚችል ማሽን ያለው ደግሞ ቅዳሜ ያባረርኩት ሰው ነው።

ደወልኩለት። ኩራቴን ለመዋጥ ጊዜ አልነበረኝም፤ ውሃው ማታ ይሄዳል። ማሽኑን በሞተር ብስክሌት ጭኖ መጣ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ድንጋዩን፣ ድንጋዩን የሚዞረውን ብረት፣ ከጉልበታችን በታች ጭቃ የሆንነውን ሦስት ሴቶች አየ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ወንበር ሄዶ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለ።

«ጋሼ፣ ከየት ጋ ልቁረጠው?» አለው።

ባለቤቴ አፉን ከፈተ። ቃሉ አልመጣም። እትዬ ሊናገሩ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ አየሁና ክንዳቸውን ያዝኩ። ሠራተኛው አልቸኮለም፤ ዓይኑን ከባለቤቴ ፊት ሳያነሳ ጠበቀ።

«ከድንጋዩ... ወዲያ» አለ ባለቤቴ። «ጤነኛው... ብረት... ላይ።»

«እሺ» አለና ወረደ። ቆረጠ፣ ጥርስ አወጣ፣ ውሃ እንዳያመልጥ ጥርሱ ላይ ቃጫ ጠምጥሞ አዲሱን ጎሚቶ አሰረ። የመጨረሻውን ዙር እኔ ልሰር አልኩት፤ መፍቻውን ሰጠኝ።

ከሰዓት በኋላ ኩሽና ውስጥ ቧንቧውን ስከፍት መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ከዚያ ቀይ ውሃ፣ ከዚያ ጣቴ የሚያክል ንጹሕ ውሃ ወረደ። ድምፁ በረንዳው ድረስ ይሰማል። እትዬ በጭቃ እግራቸው ገብተው ብርጭቆ አንስተው ቀዱ። ቆመው ጠጡት። ጨረሱት።

«ብረት ብረት ይላል» አሉ።

«ይላል» አልኳቸው።

ቅዳሜ ባለቤቴ የአራተኛ ክፍል ደብተር ወረቀት ጠየቀኝ። በግራ እጁ፣ ግማሽ ቀን ፈጅቶ፣ ቧንቧውን ሳለው፤ የድሮው በር፣ የአሁኑ በር፣ ሲሚንቶው፣ ድንጋዩ፣ መዞሪያው፣ ከዚያ ኩሽናው። መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ ቁጥሮቹ ግን ልክ ናቸው፣ በእግሬ ለክቼ አረጋግጫለሁ። ከቤቱ ካርታ ጋር አንድ ላይ ነው ያስቀመጥኩት።

እሁድ እትዬን ወደ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ተረት እንዳይመስላችሁ፤ ሐሳባቸውን አልቀየሩም። በመንገድ ላይ ስለ ሐኪም፣ ስለ መጪው ክረምት፣ ወንድማቸው ሌሊት ቢወድቅ ማን እንደሚያነሳው ነገሩኝ። ያሉት ሁሉ እውነት ነበር፤ አንዱንም አልካድኩም። ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው በመስኮቱ እጄን ያዙት። የተላጠውን መዳፌን ገልብጠው አዩት።

«ሲደክምሽ ትመጫለሽ» አሉኝ።

«ሲደክመኝ እዚሁ ቁጭ እላለሁ፣ እትዬ» አልኳቸው።

ፈገግ ማለታቸው ይሁን መከፋታቸው አልለየሁትም። ሚኒባሱ ሞልቶ ነበርና ወዲያው ተነሳ። እኔም በእግሬ ወደ ቤት ተመለስኩ፤ አምስት ጉድጓድ መድፈን ነበረብኝ።